የኩሽናው ደወል ቁልፍና የጓሮው ፓምፕ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

እማዬና ስልክ አይስማሙም። ባለፈው ዓመት የጓሮውን ፓምፕ ከስልኳ እንድታስነሳው አድርጌላት ነበር። ሁለት ቀን ሞከረችው። በሦስተኛው ቀን መነጽሯን ፈለገች፣ ስልኩን ፈለገች፣ ከሥዕሎቹ የትኛው ፓምፑ እንደሆነ ጠፋባት። ተወችው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጓሮ ሄደችና ብሬከሩን በእጇ ወደ ላይ አለችው። ፓምፑ ተነሳ። «ይኸው! ይሄ ምን ይጎድለዋል?» አለችኝ።

የሚጎድለው አስታውሶ የሚያጠፋው ሰው ነው። የሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። ሲመጣ መሬት ላይ የተቀመጠው ሮቶ ይሞላል። ከዚያ ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋው ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ነው። ብሬከሩ ከኩሽናው ገመድ በሚሄድበት መንገድ ሲለካ 30 ሜትር ይርቃል። እማዬ ፓምፑን ታስነሳና ሽንኩርቷን ልታቁላላ ትመለሳለች። ቁሌቱ ሲደርስ ግቢው ባሕር ሆኗል።

ሐሳቤ ቀላል ነው። ኩሽናው ግድግዳ ላይ አንድ ተራ የደወል ቁልፍ እሰቅላለሁ፤ ያው የውጭ በር ላይ የምንጫነው ዓይነት። ስትጫነው ፓምፑ ይነሳል። 20 ደቂቃ ሠርቶ በራሱ ይቆማል። ሰዓት ይዤ ስለካው ፓምፑ በደቂቃ ወደ 35 ሊትር ይገፋል። በ20 ደቂቃ 700 ሊትር ማለት ነው፤ ለኛ ቤት ይበቃል።

ለምን የደወል ቁልፍ? ተራው ማብሪያ ማጥፊያ ያለበትን ቦታ ይዞ ይቀራል። ወደ «በርቷል» ካዞርከው እዚያው ነው። 20 ደቂቃው አልቆ ፓምፑ ሲቆም ማብሪያው ግን አሁንም «በርቷል» ይላል። ይዋሻል። የደወል ቁልፍ አይዋሽም፤ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሁን ተጭነውኛል»። የቀረውን ማስታወስ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው።

ሽቦ አልባ ቁልፍም አለ። ቆንጆ ነው፣ ግድግዳ መብሳት የለም። ግን ሆዱ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለችው። የኔን ዕድል ስለማውቀው ባትሪዋ የምታልቀው ውሃ በመጣበት ሌሊት ነው። ሽቦ ይሻለኛል።

አንድ ጎረቤታችን «ለምን ላይኛው ሮቶ ላይ ፍሎተር ሰክተህ አትገላገልም?» አለኝ። ፍሎተሩ፣ ማለትም ውሃው ላይ ተንሳፎ መሙላቱን የሚናገረው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይመጣል፤ ግን ለማጥፊያ ብቻ ነው። ማስነሳቱን እማዬ ለማንም አትሰጥም። ለልብስ አጠባ የምትቀዳው ከታችኛው ስለሆነ፣ እሱ ሳይሞላ ውሃው ወደ ላይ እንዲሄድባት አትፈልግም።

ያለኝ ዕቃ፦ አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያላት ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሆም አሲስታንት (የቤት ዕቃዎች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) የጫንኩበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ትንሽ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ከመርካቶ የገዛሁት የደወል ቁልፍ። ቦርዱን የማዘው ኢኤስፒሆም በሚባል ፕሮግራም ነው። ብዙ ኮድ መጻፍ አይጠይቅም፤ ምን የት እንደተሰካ ትነግረዋለህ፣ ቀሪውን እሱ ያሰናዳዋል።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩ። አሠራሩ የሕፃን ጨዋታ ነው። የቁልፉ አንድ እግር ከቦርዱ ፒን (የሽቦ መገናኛ እግር)፣ ሌላው እግር ከግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ይገናኛል። ፒኑ በሬዚስተር በኩል ወደ 3.3 ቮልት ተስቦ ይቆያል። ቁልፉ ሲጫን ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቦርዱ ይህን መውረድ አይቶ «ተጫኑኝ» ይላል።

የመረጥኩት ፒን 34ን ነው። ለምን? ጥግ ላይ ስለሆነና ለብየዳ ስለተመቸኝ። ገና ሳልነካው ሎጉ (ቦርዱ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ) በ«ተጫኑኝ» ተሞላ። እጄን ወደ ሽቦው ሳስጠጋ ይባስ ይንጫጫል። ሳርቅ ጋብ ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁልፉን ስወቅስ ቆየሁ። ፈትቼ አየሁት፣ በቴስተር ለካሁት፣ ንጹሕ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። በዚህ ቦርድ ላይ ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች መቀበል ብቻ ነው የሚችሉት፤ ውስጣቸውም ያ ወደ 3.3 የሚስበው ሬዚስተር የለም። ኮዱ ላይ «ፑል-አፕ» ብዬ ብጽፍም የሚሰማኝ አልነበረም። ፒኑ በአየር ላይ ተንሳፎ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የኔን እጅ ጭምር። ወደ ፒን 27 አዛወርኩት። ጸጥ አለ።

ሌላው ነገር፦ የቁልፍ ጥርሶች (ውስጡ የሚነካኩት ብረቶች) ሲገናኙ አንዴ ነክተው አይቀሩም። ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራሉ። ቦርዱ ፈጣን ስለሆነ አንዱን መጫን አምስት ስድስት አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «10 ሚሊ ሰከንድ ሳይነቃነቅ ካልቆየ አትመን» የሚል ማጣሪያ አስገባሁ። ጠረጴዛ ላይ ሃምሳ ጊዜ ተጫንኩት፤ ሃምሳ ቆጠረ።

ውሳኔው በሙሉ ቦርዱ ውስጥ እንዲሆን አድርጌያለሁ። ቁልፉ፣ 20 ደቂቃው፣ ሪሌዩ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ሆም አሲስታንት የሚነገረው ወሬውን ብቻ ነው። ዋይፋይ ስለጠፋ ውሃ መጥፋት የለበትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የቤታችንን መብራት የዘረጉት ጋሼ መጡ። ከ220 ቮልት ጋር ቀልድ ስለማላውቅ፣ ሥራውን ቀድመን ተከፋፈልን። 220ው የሳቸው፣ 3.3ቷ የኔ።

ሪሌዬን በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩአት። «ይቺን ነው ከፓምፕ ጋር የምታጋባት?»

«10 አምፔር ይላል እኮ ጋሼ፤ ፓምፑ 5 አምፔር ቢስብ ነው።»

«ሲሄድ ነዋ 5! ሲነሳስ?»

ሲነሳ የዚያን አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፤ ለቅጽበት ቢሆንም። የትንሽ ሪሌይ ጥርስ እዚያች ቅጽበት ላይ ይቀልጥና ይጣበቃል። ከተጣበቀ ደግሞ ቦርዱ «አጥፋ» እያለ ቢጮህም ፓምፑ አይቆምም። ጋሼ ከሻንጣቸው ኮንታክተር፣ ማለትም ለከባድ ሸክም የተሠራ ትልቅ ሪሌይ፣ አወጡ። ሪሌዬ ኮንታክተሩን ትቀሰቅሳለች፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያስነሳል። ሸክሙን ለሚችለው ሰጠን።

ለቁልፉ የገዛሁት የኔትወርክ ገመድ ነበር። ጋሼ አንዱን ሽቦ በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከመዳቡ ሥር ነጭ ብቅ አለ። «አሉሚኒየም ነው ልጄ፤ መዳብ ቀብተው ሸጡልህ።» እንዲህ ያለው ሽቦ ብሎን ሥር ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ቅጭ ይላል። ተመልሼ ሄጄ በሙሉ መዳብ የሆነውን ገዛሁ።

የገመዱ ርዝመት አሳስቦኝ ነበር። ሒሳቡ ግን አያስፈራም። እንዲህ ያለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በ100 ሜትር 8.4 ኦም አካባቢ ነው። ደርሶ መልስ 60 ሜትር፣ ወደ 5 ኦም። ቦርዱ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ወደ 45,000 ኦም ነው። 5 ኦም እዚህ ውስጥ ምንም ናት። «ርቀቱ ችግር የለውም» ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ስንፍና መጣ። ከኩሽና እስከ ፓምፑ አንድ ኮንዲዩት (የገመድ ቱቦ) ተቀብሯል፤ የፓምፑ 220 የሚሄድበት ነው። ቦታ አለው። አዲስ ከምንቆፍር የኔን ገመድ እዚያው እናስገባ አልኩ። ጋሼ ቅር አላቸው። «አብረው አይሄዱም እነዚህ» አሉ። እኔ ግን ሽፋኑ ደህና ነው፣ ቁልፍ ብቻ እኮ ነው፣ ምናምን እያልኩ አሳመንኳቸው።

ማታ 12 ሰዓት ላይ እማዬ ተጫነችው። ፓምፑ ተነሳ። ለአፍታ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችና «ይኸው ነው?» አለች። 20 ደቂቃ ሲሞላ ቆመ። ስትጫነው ይነሳል፣ እየሠራ ስትጫነው ይቆማል። ጋሼን ራት ጋብዘን ሸኘን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ግቢው ባሕር ሆኖ አደረ።

እማዬ ሌሊት ለጸሎት ስትነሳ ውሃ መምጣቱን ሰምታ ተጭናዋለች። ተመልሳ ተኛች። ጠዋት ላይኛው ሮቶ እየፈሰሰ፣ ፓምፑ እየሠራ አገኘነው። «በራሱ ይቆማል አላልከኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሎጉን ከፍቼ ፈለግኩ። እማዬ «8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የተጫንኩት» ብላኛለች። 8 ተኩል ላይ ምንም የለም። ከዚያ በፊትና በኋላም ምንም የለም። ቁልፉ አልመዘገበም ማለት ነው ብዬ ሽቦውን ልፈታ ተነሳሁ።

ካቻቢቴውን ይዤ መንገድ ላይ ነቃሁ። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው! የእማዬ ከሌሊቱ 8 ተኩል ለሱ 2 ተኩል ነው። ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬ፣ የራሴ ማሽን ሲመጣ ሰዓት ማንበብ ጠፋኝ።

ተመልሼ 2 ተኩል አካባቢ ሳየው ሁሉም ቁጭ ብሏል። 2፡27 ላይ «ተጫኑኝ»። 2፡47 ላይ «20 ደቂቃ ሞላ፣ ጠፋ»። ከዚያ እዚያው 2፡47፣ ሰከንድ ሳይሞላ፣ «ተጫኑኝ»። ፓምፑ እንደገና ተነሳ። 3፡07 ላይ ጠፋ፤ ወዲያው «ተጫኑኝ»። እስኪነጋ እንዲህ ነው።

ቁልፉን የሚጫነው ራሱ ፓምፑ ነው። ኮንታክተሩ ሲለቅ የፓምፑ ገመድ ላይ የሚፈጠረው ግርግር፣ ጎን ለጎን 30 ሜትር አብሮ የተኛው የኔ ሽቦ ላይ ይዘላል። የኔ ሽቦ ደግሞ በ45 ኪሎ ኦም ነው የተያዘው። 3.3 ቮልት ለ45,000 ሲካፈል ወደ 73 ማይክሮ አምፔር ነው። በሸረሪት ድር የታሰረ በሬ በሉት። ትንሽ ነካ ያደረገው ሁሉ ወደ ዜሮ ያወርደዋል። 10 ሚሊ ሰከንዷ ማጣሪያዬም ከንቱ ናት፤ የ50 ኸርዝ መብራት ግማሽ ሞገድ ራሱ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው።

ርቀቱ ችግር የለውም ያልኩት ስለ ኦሙ እውነት ነበር። 30 ሜትር ሽቦ አንቴናም እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

መጀመሪያ ቀላሉን ሞከርኩ። ማጣሪያውን ወደ 60 ሚሊ ሰከንድ አሳደግኩ። ሰው ሲጫን ከዚያ በታች አይቆይም፤ አይጎዳም። ፓምፑን 20 ጊዜ አስነስቼ አጠፋሁ። 19ኙ ደህና፣ አንዱ ላይ ግን ያ ሰው ሳይነካው ቁልፉን የሚጫነው መንፈስ መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቁጥሩን 200 አድርጎ ይተኛል። እኔም ፈልጌ ነበር። ግን በሽታው እያለ ሳሉን ብቻ ማፈን ነው።

ስለዚህ ኦፕቶካፕለር ገባ። ፒሲ817 የምትባለው ርካሿ። ውስጧ አንዲት መብራትና መብራት የምታይ ትራንዚስተር አሉ፤ በመካከላቸው ሽቦ የለም። የኤሌክትሪክ ጅረት ለብቻዋ ከሆነች ትንሽ 12 ቮልት ምንጭ ተነስቶ፣ በ2.2 ኪሎ ኦም በኩል፣ ኩሽና ደርሶ፣ በቁልፉ አልፎ፣ ተመልሶ መብራቷን ያበራል። ቦርዱ የሚያየው ትራንዚስተሯን ብቻ ነው። አሁን በሽቦው የሚሄደው ወደ 5 ሚሊ አምፔር ነው። ከቀድሞው ወደ ሰባ እጥፍ ማለት ነው። መንፈሱ ቁልፉን መጫን ከፈለገ 5 ሚሊ አምፔር አምጥቶ 60 ሚሊ ሰከንድ መያዝ አለበት። አይችልም።

ይህ ጅረት ሌላም ጥቅም አለው። የኩሽና እንፋሎትና ዘይት የቁልፉን ጥርስ ቀስ በቀስ ያጠቁረዋል። ጭላንጭል ጅረት ያን ቆዳ ሰብሮ አያልፍም፤ ቁልፉ በዓመቱ «አንዳንዴ እምቢ ይላል» ይሆናል። 5 ሚሊ አምፔር በ12 ቮልት የተሻለ ጉልበት አለው።

ጋሼንም ጠራኋቸው። ተናዘዝኩ። አልሳቁብኝም፤ «አልኩህ» እንኳን አላሉም፤ ያ ነው የከበደኝ። ለቁልፉ ገመድ ለብቻው በኮርኒስ በኩል ሌላ መንገድ አወጣን። ኮንታክተሩ ጠመዝማዛ ሽቦ ላይም ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ሬዚስተርና ካፓሲተር አንድ ላይ የያዘ ማፈኛ ጋሼ ገጠሙ። ሲለቅ የሚወረውረውን ብልጭታ እዚያው ይውጠዋል።

30 ጊዜ አስነስቼ አጠፋሁ። ዜሮ መንፈስ። ጠበል አልፈለገም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሐሙስ ለሥራ ሐዋሳ ሄድኩ፤ ላፕቶፑንም ይዤ። ውሳኔው ቦርዱ ውስጥ ስለሆነ ላፕቶፑ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም ብዬ ነው።

ዓርብ እማዬ ደወለች። «ፓምፑ ደክሞታል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል።» ሌላ ጊዜ ደግሞ 13 ደቂቃ። አንዴም 20 አልደረሰም። ሞተሩ ግሎ ይሆን? ቮልቴጁ ወርዶ ይሆን? ከሐዋሳ ሆኜ ምን ላድርግ።

ዛሬ ተመልሼ ላፕቶፑን ሰካሁና አስነሳሁት። 20 ደቂቃ፣ ዝንፍ የለም። ደገምኩት፣ 20። እኔ ስመጣ የሚድን በሽተኛ! እማዬ «እኔ ዋሽቼ ነው?» የሚል ዓይን አየችኝ።

የተለወጠው ነገር ላፕቶፑ ብቻ ነው። አጠፋሁትና ቦርዱ አጠገብ ሰዓት ይዤ ቁጭ አልኩ። ልክ በ15ኛው ደቂቃ ቦርዱ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። ፓምፑም አብሮ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኤስፒሆም ማንም መጥቶ ካላነጋገረው በየ15 ደቂቃው ራሱን ዳግም ያስነሳል፤ ግንኙነቴ ታንቆ ይሆናል ብሎ ነው። ዋይፋይ ሲጠፋም እንዲሁ። ለሙቀት መለኪያ ጥሩ ጠባይ ነው። ለ20 ደቂቃ ፓምፕ ግን አይሆንም፤ በየትኛውም 20 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዳግም መነሳት አለ። ሁለቱንም ገደቦች ዜሮ አደረግኳቸው። ዜሮ ማለት «አትነሳ» ነው። ላፕቶፑን ዘግቼ ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም 20 ሞላ።

እማዬን ይቅርታ ጠየቅኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ ምንም አልበየድኩም። ኩሽና ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ እማዬን አየኋት። ከዚህ ሁሉ ቀን በላይ የተማርኩት ዛሬ ነው።

አንደኛ፣ ሁለቴ ትጫነዋለች። ፓምፑ ጓሮ ስለሆነ ድስቱ ሲንጣጣ ድምፁ አይሰማትም። መጀመሪያ ትጫናለች፤ ምንም ያየችው ስለሌለ ትደግማለች። የመጀመሪያው ያስነሳዋል፣ ሁለተኛው ያጠፋዋል። ከዚያ «አልሠራም» ትላለች። ልክ ናት።

እዚያው ቁጭ ብዬ በስልኬ ኮዱን ለወጥኩ። አጭር መጫን ሁልጊዜ ማስነሳት ይሁን፤ ሁለቴ ቢሆን አሥሬ ቢሆን 20ውን ከአዲስ ይጀምር። ለማጥፋት 2 ሰከንድ ይዞ መቆየት። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ግማሽ ሰዓት አልቆየም። እማዬ ሊጥ አቡክታ እጇ ሙሉ ሊጥ ነው። ቁልፉን በክርኗ ተጫነችው፤ ግጥም አድርጋ። የውጭውን በር ደወል የምትጫንበት አጫጫን ይሄ ነው፤ «ሰው ይስማ» ብላ ነው የምትይዘው። ሦስት ሰከንድ። ቦርዱ «አጥፋ» ብሎ ሰማት።

የሰው እጅ ለምዶታል፤ በኮድ አልቀይረውም። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «አረንጓዴና ቀይ አድርግላታ» አሉኝ። «ወፍጮ ቤት አይተህ አታውቅም?»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

አረንጓዴና ቀይ ሆነ። የወፍጮ ቤቱ ዓይነት፣ ተለቅ ያለ፣ በክርን የሚመታ።

ሁለቱ መልካቸው ቢመሳሰልም ውስጣቸው ተቃራኒ ነው። አረንጓዴው ሲጫኑት የሚገናኝ ነው። ቀዩ ሲጫኑት የሚለያይ። ማለትም በቀዩ መስመር ላይ ሁልጊዜ ጅረት ይሄዳል፤ ሲጫኑት ይቋረጣል፣ ቦርዱም መቋረጡን አይቶ ያጠፋል። ለምን ቢባል፣ ገመዱ አንድ ቀን ቢበጠስ መበጠሱ ራሱ «አጥፋ» ማለት ይሆናል። ቀዩ እንደ አረንጓዴው ቢሆን ኖሮ የተበጠሰ ገመድ ዝም ይላል፤ ማጥፊያ እንደሌለህ የምታውቀው ማጥፋት ስትፈልግ ነው። ለማስነሻ ግን አረንጓዴው ይበቃል፤ ቢበጠስ የሚመጣው ጉዳት አለመነሳት ብቻ ነው። ኮዱ ላይ ቀዩ አለቃ ነው። ቀዩ መስመር ተቋርጦ እያለ አረንጓዴውን ቢቀጠቅጡትም አይነሳም።

ለሁለቴ መጫኑም መድኃኒት ተገኘለት፦ ትንሽ መብራት ከቁልፎቹ በላይ። መብራቷን ከቦርዱ ትእዛዝ ጋር አላያያዝኳትም። ኮንታክተሩ ጎኑ ላይ ረዳት ጥርስ አለው፤ ኮንታክተሩ በእውነት ሲይዝ ብቻ ነው የሚገናኘው። መብራቷ የምትበራው ከሱ ነው። ቦርዱ «አብርቻለሁ» ቢል እንኳን ኮንታክተሩ ካልያዘ አትበራም። የገመዱ አራት ጥንድ ሽቦዎች እንዲህ ተከፋፈሉ፤ አንድ ለአረንጓዴ፣ አንድ ለቀይ፣ አንድ ለመብራቷ፣ አንዱ ትርፍ።

እማዬ አንዴ ተጫነች። መብራቷ በራች። አልደገመችም።

አንድ ክርክር ቀርቶናል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓምፑ በራሱ ካቆመበት አይቀጥልም። እንደገና መጫን አለባት። ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት፤ መብራት ሲመጣ የሚያስበረግገውን ቮልቴጅ ከፓምፑ ጋር ማገናኘት አልፈልግም። እሷ ደግሞ «እኔ አስነስቼው አልነበር? ማን አጥፋው አለው?» ትላለች። በዚህ አልተስማማንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ጭስ በጭስ፤ ሁሉም ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል። እኔም የዚህን ሥራ ትርፍራፊ ሽቦ፣ ያን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ጨምሮ፣ ለቆራሊዮ ሰጠሁ።

ፍሎተሮቹ ተሰኩ። ላይኛው ሲሞላ ያጠፋል፤ ታችኛው ባዶ ሲሆን እንዳይነሳ ያደርጋል። ፓምፕ ያለ ውሃ መዞር አይወድም፤ ውስጡ ያለው ማሸጊያ የሚቀዘቅዘው በራሱ በውሃው ነው። ሁለቱም ልክ እንደ ቀዩ ተቋርጠው የሚናገሩ ናቸው።

ሆም አሲስታንት አሁን ሥራ አገኘ። ፓምፑ ሲነሳ ስልኬ ላይ ይነግረኛል፤ ታችኛው ባለቀ ጊዜ ደግሞ ሳሎን ያለች አንዲት አምፖል ሦስቴ ብልጭ ትላለች። ሎጉ በኛ ሰዓት እንዲጽፍም አደረግኩ፤ ማሽኑ ከሚያነበው ላይ 6 መቀነስ ነው፣ ማለዳም ማታም።

አረንጓዴውን ሁለቴ ብትጫነው የደጁ መብራት እንዲበራ፣ ሦስቴ ብትጫነው ሌላ ነገር እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ሁለት ቀን ፈተነኝ። ተውኩት። እዚህ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ማለት ውሃ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ጠዋት እማዬ ጠራችኝ። አረንጓዴውን ትጫናለች፣ መብራቷ አትበራም፣ ፓምፑ አይነሳም። ስልኬ ላይ ሆም አሲስታንት «ቀዩ ተጭኗል» ይላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12 ጀምሮ ተጭኖ ነው ያለው። ማንም አልነካውም።

ቴስተር ይዤ ኩሽናው ጋ ለካሁ፤ ቀዩ ራሱ ደህና ነው። ፓምፑ ጋ ለካሁ፤ መስመሩ ተቋርጧል። ደረጃ አቁሜ ኮርኒሱን ከፈትኩ። ከኮንዲዩቱ ወጥቶ ወደ ሳጥኑ በሚታጠፍበት አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ላይ ገመዱ ተበልቷል። ከስምንቱ ሽቦዎች ሁለቱ ተቆርጠዋል፤ አንዱ የቀዩ ነው። ፍርፋሪው ሰማያዊና ነጭ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ የአይጥ ኩስ።

እማዬ ደረጃውን ይዛልኝ ከታች ቆማለች። «ተበላሸ?» አለች።

«የለም፣ እንደሚገባው ሠርቷል።»

«ታዲያ ውሃው የታለ?»

ቀዩን ለጊዜው በትርፉ ጥንድ ቀጠልኩት። አረንጓዴውን ተጫነች፣ በራች። ከሰዓት በኋላ ያን ክፍል በሙሉ በአዲስ ገመድ ቀይሬ ኮንዲዩቱን እስከ ሳጥኑ አስረዘምኩት። አይጧን አላገኘናትም።